የጠፈር ጣቢያ የመገጣጠም ተልዕኮ ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ400 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ጊዜ ተሸክሞ የሚወጣ ሮኬት ስላልነበረ ክፍሎቹ ምድር ላይ ተሠርተው፣ በየተራ ተጭነው፣ የተገጣጠሙት እዚያው ላይ ነው። አንድ ክፍል ይዞ ወጥቶ ከቀደመው ጋር አገናኝቶ የመመለሱ ጉዞ የመገጣጠም ተልዕኮ ይባላል።

ለዚህ ሥራ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ተስማሚ ነበረች። 18 ሜትር ርዝመት ያለው የጭነት ቦታና 15 ሜትር የሚዘረጋ ካናዳ ሠራሽ የሮቦት ክንድ ነበራት፤ ሠራተኞቹም እሷው ውስጥ ያድሩ ነበር። የጭነት መኪናውም፣ ክሬኑም፣ ማደሪያውም እሷ ነበረች።

የመጀመሪያውን እንይ። ሩሲያ ውስጥ የተሠራችው የጣቢያው የመጀመሪያ ክፍል ዛርያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1998 ከባይኮኑር የሮኬት ማስወንጨፊያ ተተኩሳ ሰው አልባ ሆና ምድርን ትዞር ነበር። ኢንደቨር መንኮራኩር ዩኒቲ የተባለውን የአሜሪካ ክፍል ጭና ዲሴምበር 4 ተነሣች። ስድስት ሰዎች ነበሩባት፤ አዛዡ ሮበርት ካባና ነው።

መጀመሪያ ከስድስቱ አንዷ ናንሲ ከሪ በሮቦቱ ክንድ ዩኒቲን ከተኛበት አንሥታ መንኮራኩሯ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቆመው ዩኒቲ መስኮቱን ጋረደው። ከሪ ዛርያን በክንዱ ይዛ ዩኒቲ ጫፍ ላይ ስታስቀምጥ መገጣጠሚያውን በዓይኗ ማየት አትችልም። ያላት የካሜራ ምስል፣ እንዲሁም ክፍሎቹ ላይ የተቀቡትን ትልልቅ ነጠብጣቦች እየተከተለ አቀማመጣቸውን የሚያሰላ ኮምፒውተር ነው። ዛርያ ደግሞ 19 ቶን ገደማ ናት። ጠፈር ላይ ክብደት አይሰማም ማለት ዕቃው ቀለለ ማለት አይደለም፤ አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ ማስቆሙ ያንኑ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ነው። ከሪ ዛርያን ልክ ከቦታው በላይ አድርሳ ስትይዛት ካባና የመንኮራኩሯን ትንንሽ ሞተሮች ለኩሶ ሁለቱን አገጣጠማቸው። ከዚህ ተልዕኮ ለእኔ ትልቁ ቅጽበት ይህ ነው።

ተጋጠሙ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ዩኒቲ ገና መብራት የለውም። ጄሪ ሮስና ጄምስ ኒውማን የጠፈር ልብስ ለብሰው ሦስት ጊዜ ወጡ፤ በድምሩ ከ21 ሰዓት በላይ ውጭ ቆይተዋል። በወፍራም ጓንት እጅ 40 ያህል የገመድ ማገናኛዎችን አንድ በአንድ ሰኩ፤ ከዛርያ የፀሐይ ሰሌዳዎች የሚመጣው ኃይል ወደ ዩኒቲ ገባ። ዛርያ ላይ ሳይዘረጉ ተጣብቀው የቀሩ ሁለት አንቴናዎችንም በረጅም ዘንግ እየነካኩ አላቀቁ።

ዲሴምበር 10 በሩ ሲከፈት ካባናና ሩሲያዊው ሰርጌይ ክሪካሌቭ ማንም ማንንም ሳይቀድም ጎን ለጎን ገቡ። ክሪካሌቭ ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ሚር በተባለው የሶቭየት የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚሁ በገዛ እጁ ወደከፈተው ጣቢያ ተመልሶ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ነዋሪዎች አንዱ ሆነ።