ጥርስን በስቴም ሴል ማደስ ምንድን ነው?

ስቴም ሴል ሥራው ገና ያልተለየ ሕዋስ ነው፤ እንደሚደርሰው ምልክት ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ተለውጦ ያድጋል። ጥርስ ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከቋሚ ጥርስ፣ በ2003 ደግሞ ከወተት ጥርስ ተለይቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «የወለቀ ጥርስ በስቴም ሴል ይበቅላል» የሚለው ወሬ በዝቷል። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራው ግን ከዚህ በጣም የጠበበ ነው፤ ሥሩ አድጎ ሳያልቅ ውስጡ የሞተበትን የልጅ ጥርስ፣ በልጁ በራሱ ስቴም ሴል ማዳን። ሕክምናው ሪጀኔሬቲቭ ኢንዶዶንቲክስ ይባላል።

የላይኛው የፊት ጥርስ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይወጣል፤ ሥሩ ግን ተሠርቶ ለማለቅ ሌላ 3 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ልጁ ወድቆ ጥርሱ ቢመታና ነርቭ የምንለው የውስጠኛው ለስላሳ ክፍል ቢሞት፣ የሥሩ እድገት እዚያው ይቆማል። ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጥርስ በተለመደው ሩት ካናል (የሥሩን ውስጥ ጠርጎ በመድፈን) መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን ስሱ ግድግዳ ስስ እንደሆነ ስለሚቀር በኋላ አንገቱ ላይ ሊሰበር ይችላል። ክፍቱ ጫፍ ግን ዕድልም ነው፤ እዚያ ያሉት ስቴም ሴሎች ደም ከዙሪያቸው ስለሚያገኙ ብዙ ጊዜ ከኢንፌክሽን ይተርፋሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጥርሱ ይደነዝዛል፣ ራበር ዳም በተባለ የጎማ ስስ ሽፋን ከምራቅ ይለያል፣ ይከፈታል። የሥሩ ቦይ በ20 ሚሊ ሊትር የ1.5% ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለ5 ደቂቃ ይታጠባል። ይህ በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው፤ ለተለመደው ሩት ካናል እስከ 5% እና ከዚያም በላይ ይጠነክራል፣ እዚህ ግን መጠኑን ማሳደግ የምንፈልጋቸውን ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላል። መርፌውም ከሥሩ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር መለስ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ይቀመጥና ጥርሱ ለ1–4 ሳምንት በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። አንቲባዮቲክ ከተመረጠ ከ1–5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ሚኖሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ካለበት ደግሞ ጥርሱን ያጠቁራል።

ሁለተኛው ቀጠሮ የሚጀመረው እብጠቱና መግሉ ከጠፋ ብቻ ነው። ማደንዘዣው ኤፒነፍሪን የሌለው 3% ሜፒቫኬይን ይሆናል፤ ኤፒነፍሪን የደም ሥርን ስለሚያጠብ የሚፈለገው ደም አይመጣም። ይህን መርሳት ቀላል ነው፣ ሥራውን ግን ያበላሻል። ቦዩ ኢዲቲኤ በተባለ ኬሚካል በ17% መጠን ይታጠባል፤ ኢዲቲኤ ዴንቲን (የጥርሱ ጠንካራ ግድግዳ) ውስጥ የታሰሩትን የእድገት ፕሮቲኖች ስለሚለቅ ስቴም ሴሎቹን ይጠራል። ቀጥሎ ፋይል የተባለ ጫፉ ጎበጥ ያለ ቀጭን የብረት መሣሪያ ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር አልፎ ይገባና ሆን ተብሎ ይደማል። ስቴም ሴሎቹን ወደ ቦዩ የሚያስገባው ይህ ደም ነው። ከላይ ለመዝጊያው ከ3–4 ሚሊ ሜትር ቦታ ቀርቶ ደሙ ሲረጋ፣ ኤምቲኤ ወይም ሌላ ባዮሴራሚክ ሲሚንቶ ይደረግበታል፤ በላዩም ግላስ አዮኖመር የተባለ የጥርስ መሙያ። ደሙ ሳይረጋ ከተቸኮለ ሲሚንቶው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሲሚንቶው በታች ኮላጅን (ከፕሮቲን የተሠራ ስፖንጅ መሰል ነገር) ማንጠፍ ይህን ይከላከላል። ቢስሙዝ ኦክሳይድ ያለበት ኤምቲኤ ጥርስ ስለሚያጠቁር፣ ለፊት ጥርስ ሌላውን መምረጥ ይሻላል።

የሚበቅለው ምንድን ነው? በአጉሊ መነጽር የታዩት ጥርሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የተገኘው አጥንትና ሲሜንተም (የጥርስ ሥር ውጫዊ ሽፋን) መሰል ነገር እንጂ የቀድሞው ነርቭ አይደለም። ስለዚህ «ነርቩ ተመለሰ» ማለት ያለ ቦታው ነው። ሥሩ ቢወፍርና በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው ቁስል ቢድን ግን ለልጁ ትልቅ ትርፍ ነው። ኢናሜልን (የጥርሱን ነጭ ውጫዊ ሽፋን) በተመለከተ፣ የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ስለሚጠፉ ይህ ሕክምና አይነካውም።

ሕዋሳቱን ከውጭ አሳድጎ የመትከሉም መንገድ ተሞክሯል። በቻይና ዢያን ከልጆች የወተት ጥርስ የተወሰዱ ስቴም ሴሎች ተባዝተው በራሳቸው በተጎዳ የፊት ጥርስ ውስጥ ተተክለዋል፤ በ2018 የታተመው ውጤት ሥሩ እንደረዘመና ጥርሱ ስሜት እንዳገኘ ያሳያል። በ2024 በጃፓን ኪዮቶ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው የጥርስ ማብቀያ መድኃኒት ግን ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ነው እንጂ ስቴም ሴል አይደለም። በስቴም ሴል መርፌ የወለቀ ጥርስ አበቅላለሁ የሚል ክሊኒክ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ከሕክምናው በኋላ በ6፣ በ12 እና በ24 ወር ራጅ ይነሳል። ቁስሉ በ6–12 ወር መጥፋት አለበት፤ የግድግዳው ውፍረት ቀድሞ ይታያል፣ የሥሩ ርዝመት ይዘገያል። ጥርሱ ስላላመመ ብቻ ቀጠሮ መዝለል አይገባም፤ ኢንፌክሽን ያለ ሕመም ሊመለስ ይችላል። ከተመለሰም ጫፉን በኤምቲኤ ዘግቶ በተለመደው መንገድ መሙላት አሁንም ይቻላል።