«ስለ ምን ትመታኛለህ?»

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ባለፈው ማክሰኞ በጸሎት ቡድናችን አንዲት እህት ያነሣችው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እዚሁ ጅማ በአንድ መጋዘን ቡና እየለቀመች ልጆቿን ታሳድጋለች። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ የለቀመችው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ ይጎድላል። «ልጣላቸው ወይስ ልቻለው?» አለችን። እኔም ፈጥኜ «ለጌታ ስጪው» አልኋት። ቤቴ ገብቼ ቃሉን ስከፍት በመልሴ አፈርሁ።

ሌላኛውን ጉንጭ ስለ ማዞር ብዙ ሰብከናል። ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንድ ሎሌ በጥፊ በመታው ጊዜ ያደረገውን ግን እናልፈዋለን። እጁን አላነሣም፤ ዝምም አላለም። «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው (ዮሐንስ 18፥23)። ሎሌውን ከገዛ ኅሊናው ጋር አፋጠጠው።

በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ አማኞች ይህን መንገድ በእግራቸው ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ ሮዛ ፓርክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ልብስ ሰፊ የአውቶቡስ መቀመጫዬን ለነጭ አለቅም ብላ ታሰረች። ጥቁሮቹም በአውቶቡስ መሳፈር አቆሙ፤ ለ381 ቀናት! ከሥራ ወደ ቤት በእግር እየተመላለሱ፣ ማታ በአብያተ ክርስቲያናት እየዘመሩና እየጸለዩ ጸኑ። በጥር 1956 የንቅናቄው መሪ የመጋቢ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ። የተቆጣ ሕዝብ መሣሪያ ይዞ ደጁን ሲሞላው፣ በረንዳው ላይ ቆሞ መሣሪያችሁን ወደ ቤታችሁ መልሱ፣ ጠላቶቻችንን እንውደድ አላቸው። ሚስቱና ልጁ ከፍንዳታው ከተረፉ ገና ሰዓታት እንኳ አላለፉም ነበር። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ላይ በዘር መለየትን ሻረ።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት በድንገት አይገኝም። በናሽቪል ከተማ ጄምስ ላውሰን የተባለ የሜቶዲስት አገልጋይ፣ በሕንድ የጋንዲን ትግል ያጠና ሰው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ተማሪዎችን በቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ ያለማምዳቸው ነበር። አንዱ ይሰድባል፣ ይገፈትራል፤ ሌላው ሳይመታና ሳይሸሽ ይቀመጣል። በየካቲት 1960 ጥቁር በማይስተናገድባቸው የምግብ ባንኮኒዎች ሄደው ተቀመጡ፤ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፤ በግንቦት ባንኮኒዎቹ ተከፈቱላቸው። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው እንላለን። እኛ የጅማ ሰዎች ደግሞ የቡና ፍሬ በአንድ ሌሊት እንደማይቀላ እናውቃለን፤ ታዲያ ይህን ፍሬ ያለ ልምምድ ለምን እንጠብቃለን?

እህታችንን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤቴ እንሰበሰባለን፤ ከጸለይን በኋላ አንዳችን እንደ አሠሪ ይጮኽባታል፣ እርሷም ድምፅዋን ሳታነሣ «እኛው እያየን መዝኑልን» ማለትን ትለማመዳለች። ሰኞ ጠዋት አብረዋት ከሚለቅሙት ሙስሊም እህቶች ጋር ሆነን ወደ መጋዘኑ እንሄዳለን። መምጣት የምትችሉ ኑ፤ የማትችሉ በዚያ ሰዓት ጸልዩልን።