የሕክምና ካርድና ምስጢሩ

«ካርድ» በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ታካሚው ኪሱ የሚይዛት፣ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ናት። ሌላው ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ማህደር ነው። ምስጢሩ ያለው ማህደሩ ውስጥ ነው፦ ሕመሙ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ አድራሻና ስልክ ሳይቀር። አንዳንድ ሆስፒታሎች ወደ ኮምፒውተር ቢዞሩም የወረቀቱ ማህደር ገና አልጠፋም።

ሕጉ ጠንከር ያለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ባለሙያን በእስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና ፋርማሲስቱ ከጠበቃና ከሃይማኖት አባት ጋር ተዘርዝረዋል። ክሱ የሚነሳው ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አቤት ለማለት ደግሞ ያንኑ የደበቁትን ነገር ለፖሊስ ማስረዳት ሊኖር ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም እንደ ኮሌራ ያለ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲገኝ መረጃው ሊወጣ ይችላል።

ወሬው የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ በኮሪደር ነው። አንድ ቀን ላብራቶሪ ደጃፍ ወረፋ ይዤ ነበር። መስኮቱ ተከፈተና የአንዲት ልጅ ስም እስከ አያቷ ተጠራ። «የእርግዝናሽ ውጤት ደርሷል፣ ነይ ውሰጂ!» ወረፋው ሁሉ ዞር አለ። ማህደሩን ማንም አልሰረቀም። የኤችአይቪ መድኃኒት ለመውሰድ የሰፈራቸውን ጤና ጣቢያ ትተው ሌላ ከተማ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የሚፈሩት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚያያቸውን ጎረቤት ነው።

ቤተሰብ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ታማሚ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። በተለይ ካንሰር ሲገኝ ልጆች ሐኪሙን ደጅ ላይ ይዘው «ዶክተር፣ እባክዎ ለእማዬ እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይላሉ። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ሕመሙ ግን የእሷ ነው። መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት፤ ለማን እንደሚነገር የምትወስነውም እሷ። ሐኪሙ «እማማ፣ ብቻዎን እንነጋገር ወይስ ልጆችዎም ይኑሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹ ጣጣ ይቀልላል።

ታካሚውም ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። «በሩ ይዘጋልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አስታማሚውን ለአምስት ደቂቃ ውጣልኝ ማለትም እንዲሁ። ከሁሉ የረሳነው ስልካችንን ነው። «ውጤቱን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ» የሚል ዘመድ የሌለው ማን አለ? ሲልኩ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን በጣት ሸፍኖ ማንሳት ይቻላል፤ ውጤቱን ለሚያየው ሐኪም የሚያስፈልገው ከታች ያለው የውጤቱ ቁጥር ነው።