ዘይቱን ስትሉ የትኛውን ነው? ስለ ቃላት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬ ያደገ ሰው አንዱን ዕቃ በሶስት በአራት ቋንቋ ሲጠራ እየሰማ ነው የሚያድገው፣ ግን ስለነዚህ ቃላት ከሚወራው ስንቱ ልክ እንዳልሆነ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቃሉ አንድ ከሆነ ዕቃውም አንድ ነው» ይባላል። አይደለም። አክስቴ ብዙ ዓመት ጂዳ ኖራ የመጣች ሰሞን ዘይቱን ግዙልኝ ብላ ላከችን፣ እኛም ገበያው መጋላ ወርደን በደንብ የበሰለውን ሽታው ቤት የሚሞላውን መርጠን ይዘንላት ስንመጣ እሷ ለካ የፈለገችው የወይራ ፍሬ ነው። ዓረብኛ ላይ ዘይቱን ወይራ ነው፣ እኛ ዘይቱን የምንለው ደግሞ ሌላው ዓለም ጓቫ የሚለውን ነው። መጋላ ራሱ እንደዛው፣ ሐረሪው መጋላ ሲል ገበያ ነው፣ ሶማሊው ማጋሎ ሲል ከተማ ማለቱ ነው።

«ብርቱካን የራሳችን ቃል ነው» የሚሉም አሉ። ዓረቡ ቡርቱቃል፣ ቱርኩ ፖርታካል፣ ግሪኩ ፖርቶካሊ ይለዋል፣ ሁሉም ከፖርቱጋል የመጣ ነው፣ ጣፋጩን ብርቱካን በየአገሩ ያዞሩት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለሆኑ። እስቲ አስቡት፣ ስንት እናት ልጇን ብርቱካን ብላ ስትጠራ የአንድ ሩቅ አገር ስም እየጠራች ነው!

ለገሃርን «ለገ» ስላለበት እንደ ለገጣፎና ለገዳዲ ኦሮምኛ የሚመስላቸው አሉ፣ እሱ ግን ፈረንሳይኛ ነው፣ ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እዚህ ሲደርስ ነው ድሬም የተወለደችው፣ አዲስ አበባ የደረሰው እኮ በ1917 ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፣ እንግዳ ሲሰማ የመኪና ትርምስ ይመስለዋል፣ ግን ግርግሩ የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ማኪና ጣልያንኛ ላይ ማንኛውም ማሽን ነው፣ የሚነዳውም ጭምር፣ እኛ መኪና ስንል ብዙ ጊዜ የሚነዳው ነው የሚታየን፣ የስፌት መኪና ስንል ግን የማሽኑ ትርጉም እዛው አለ። እኔ ይሄን ስም በጣም ነው የምወደው።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው ያስቆጣል፣ ኮፊ የሚለው ቃል ከከፋ መጣ የሚለው። ቃሉ የሄደበት መንገድ ይታወቃል፣ ከዓረብኛው ቀህዋ ወደ ቱርኩ ካህቬ ከዛ ወደ ጣልያኑ ካፌ። ቀህዋ ራሱ ከከፋ ነው የሚለው ግን የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ይሄ የቡናን አገር አይቀይረውም፣ ዓረቡም ፍሬውን ቡን ነው የሚለው። ደግሞ ቡና ፍሬው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሐረር ቅጠሉ ተፈልቶ ቁቲ ይጠጣል፣ ገለፈቱ ከወተት ጋር ሆጃ ይሆናል።

የሐረሪ ቋንቋ የዓረብኛ ዘር ነው የሚባለውም ልክ አይደለም፣ ሐረሪዎቹ ራሳቸው ጌይ ሲናን ነው የሚሉት፣ የከተማዋ ቋንቋ ማለት ነው፣ የቅርብ ዘመዶቹም ስልጤና ዛይ ናቸው።

በመጨረሻ የድሬ አማርኛ የተበላሸ ነው ለሚሉን፣ ምኑ ነው የተበላሸው? አዲስ አበባ ስማር ወሪያ ባልኩ ቁጥር አማርኛ አትችልም ይሉኝ ነበር፣ በጣም ነበር የሚከፋኝ። ወሪያ ከሶማሊ ጎረቤቶቻችን ያገኘነው ነው፣ እነሱ ጋ የወንድ መጥሪያ ነው፣ ለሴት ናያ ነው የሚባለው፣ እና ድሬ ስትመጡ ሶማሊ እህቶቻችንን ወሪያ ብላችሁ እንዳትጠሩ አቦ።