«ሆዴ እስኪሻለኝ ልረፍ» የምትሉ ሰዎች

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የማወራው ስለ አይ ቢ ኤስ፣ የአንጀት መቆጣት ስለሚባለው ነው። ሆድ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ አንዴ ተቅማጥ፣ አንዴ ድርቀት ይሆናል።

«ምርመራው ምንም ካላሳየ የፈጠርከው ነው።» አይደለም። ሕመሙ የእውነት ነው፤ የተዛባው አንጀትና አንጎል የሚግባቡበት መንገድ ነው።

«ቆይቶ ካንሰር ይሆናል።» አይሆንም።

«አሜባ ነው።» ሰገራህን ተመርመር። በግምት ፍላጅል መዋጥ ይብቃ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሆዴን እያመመኝ እንዴት ስፖርት እሠራለሁ? መጀመሪያ ልረፍ።» አቦ፣ ስንት ዓመት ልታርፉ ነው? ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አንጀት ውስጥ የታሰረውን ጋዝ ይገፋል። ድርቀት ያለበትን ሰው ያግዛል። ጭንቀትንም ያረግባል፤ ይሄን አንጀት ደግሞ እንደ ጭንቀት የሚቀሰቅሰው የለም። ስዊድን ውስጥ 102 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ያጠኑ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንዱ ቡድን ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በየቀኑ ከ20 እስከ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ። ሌላው እንደ ወትሮው ኖረ። ከተንቀሳቀሱት ውስጥ የባሰባቸው 8 በመቶ፣ ካልተንቀሳቀሱት 23 በመቶ ነበሩ። ያድናል አልወጣኝም። ያስታግሳል ነው ያልኩት።

አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ጠዋት መሪ ይዞ ይቀመጣል፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ይጋደማል። ከዚያ «ሆዴ ደርቋል፣ መድኃኒት ጻፊልኝ» ይለኛል። ጫቱ ራሱ ያደርቃል ስለው ሳቀብኝ። በየማለዳው ባጃጁን ሳያስነሳ በፊት በከዚራ ዛፎች ሥር ፈጠን ብሎ እንዲራመድ አዘዝኩት። እያጉረመረመ ጀመረ። አሁንም አልፎ አልፎ ይነፋዋል፤ ፋርማሲ መመላለሱ ግን ቀርቷል። ጫቱን አልተወም፣ በሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።

«ጂም መክፈል አልችልም።» ማን ጂም አለ? ድሬ ሜዳ ነው፣ ሳይክል ንዱ። ሙቀቱ ሳይጀምር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፤ ውሃ ያዙ።

«በጠነከረ ቁጥር ይሻላል።» ተቅማጥ የሚያስቸግራችሁ በተለይ ስሙ። ከባድ ሩጫ ደሙን ወደ ጡንቻ ስለሚወስደው አንጀቱን ይረብሸዋል። ጠግቦ መሮጥማ አይታሰብ። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልኩ እሱ ነው።

«አንድ ሳምንት ሠራሁ፣ ለውጥ የለም።» 12 ሳምንት ያልኩትን መልሳችሁ አንብቡ።

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመራችሁ ከሆነ ግን የእግር ጉዞው ይቆይ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።