«ታዲያ ስንት ሰው ታዢያለሽ?»

አክስቴ እስካሁን አልገባትም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ የመጠጥ ኩባንያ በማኔጅመንት ትሬኒነት ቀጠረኝ ስላት እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ «ታዲያ ስንት ሰው ታዢያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማንንም» ስላት ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ ማኔጅመንት አይደል እንዴ የሚለው?»

አክስቴስ ትሁን። ዛሬ አዳዲስ ትሬኒዎችን ከሚመለምሉት አንዷ ስለሆንኩ ይህንኑ ጥያቄ ዲግሪ ከያዙ ልጆች አፍ እሰማለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጦ «ቢሮዬ የት ነው የሚሆነው?» ያለኝ ልጅ አለ። ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ልላክለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው አዲስ ተመራቂ ይቀጥርና ከክፍል ክፍል ያዞረዋል። ጥቂት ወር ሽያጭ፣ ጥቂት ወር መጋዘን፣ ከዚያ ፋይናንስ፣ ከዚያ ፋብሪካ። ነገ ኃላፊ የሚሆን ሰው ቤቱን ከጓዳ እስከ ሳሎን ይወቀው ነው ሐሳቡ። አዲስ ፈጠራም አይደለም። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የፋይናንስ ሰዎቹን ለማሠልጠን ፕሮግራም የጀመረው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ የታወቀበት አሠራር ሁለት ዓመት፣ አራት ቦታ፣ በየቦታው ስድስት ወር ነው። የእኔው 18 ወር ነበር።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«ኢንተርንሺፕ ነው» ይላሉ። አይደለም። ደመወዝ አለው፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ ጡረታም 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይገባል።

«ትሬኒ እስከሆንሽ ድረስ በሙከራ ላይ ነሽ፤ በፈለጉት ቀን ያሰናብቱሻል» ይላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መታወቂያችሁ ላይ ትሬኒ ስለተጻፈ ሁለት ዓመት አይሆንም። ውሉ በጊዜ የተገደበ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ብዛት ያስገርመኛል።

«ሰቃይ ካልሆንሽ አትሞክሪ» ይላሉ። ነጥብ በር ላይ ያለ ወንፊት ነው። ካለፋችሁ በኋላ ማንም መልሶ አያየውም።

«መዞር ማለት መጎብኘት ነው» ይላሉ። ወር መዝጊያ ላይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ደረሰኝ ሲያመሳክር ያመሸ ሰው ጉብኝት አይለውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ማኔጅመንት ስለሚል አለቃ ነሽ።»

ትሬኒ ማንንም አያዝም። የማንንም ፈቃድ አይፈርምም። እንዲያውም ያገኘው ሁሉ ያዘዋል። በዚያ ላይ በጥቂት ወር ውስጥ እንደሚሄድ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፤ ስለዚህ የሚፈራው የለም። ፈተናውም እዚህ ጋ ነው። ሊታዘዝህ ግዴታ የሌለበትን ሰው እንዴት ነው የምታሠራው?

እኔ የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሁለተኛው ዙሬ አዳማ ያለ ዴፖ፣ ማለትም የማከፋፈያ መጋዘን ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ጠርሙስ ስንቆጥር የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ ያለውና ግቢ ውስጥ የተደረደረው አልገጥም አለ። 212 ሳጥን ይጎድላል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለዚህ አይደል የመጣሁት? ኤክሴል ላይ አሳምሬ ሠራሁት፣ ጉድለቱን ቀይ ቀባሁት፣ ለኦፕሬሽን ኃላፊው ላክሁት። ሲሲ ላይ ሰባት ሰው ደረደርኩ። የመጋዘኑን ኃላፊ ግን አንድ ቃል አልጠየቅኋቸውም። ከእኔ አሥር ሜትር ርቀው ነበር የተቀመጡት። እዚያ መጋዘን ውስጥ 19 ዓመት ሠርተዋል።

ሳጥኖቹ ጠፍተው አልነበረም። በዋዜማው ማታ ወደ ፋብሪካ ተጭነው ሄደዋል። ካርዱ ላይ ወጪ የሚደረገው ፋብሪካው ፈርሞ የተቀበለበት ሰነድ ሲመለስ ነው። ሰነዱ በማግስቱ ጠዋት ከሾፌሩ ደረት ኪስ ወጣ። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ጥጉ ላይ ቡና ፈሶበታል። 212 ሳጥን ይላል።

ሰውየው ምንም አላሉኝም። አለመናገራቸው ነው የከፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ መዘግየት ጀመረ። ፋይል ስጠይቅ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው። ፎርክሊፍት ስጠይቅ ባትሪው ሞቷል። ረፋድ ላይ ሻይ ሲጠራሩ የእኔን ስም የሚጠራ የለም። ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አንድ ሳምንት ቆይቼ ሄድኩና «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ነይ።» የሌሊቱ አሥራ አንድ ነው። ሄድኩ። በሩ አጠገብ ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡኝና የሚወጣውን አይሱዙ ሁሉ አብረን ቆጠርን። እሳቸው ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። በወርዱ፣ በቁመቱ፣ ከላይ የተረፈውን፣ ከዚያ ቁጥሩን ይጠሩታል። እኔ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ ግማሽ ሳልደርስ መኪናው በሩን አልፏል። ሦስት ሳምንት እንደዚህ ተመላለስኩ። በመጨረሻ «መንገድ ላይ ያለ» የሚል አንድ ዓምድ መዝገቡ ላይ ቢጨመር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። በቃል፣ ለእሳቸው ብቻ። በሚቀጥለው ሰኞ ራሳቸው በማስመሪያ አስምረው ጨመሩት። እኔ በኢሜይል ልኬው ቢሆን እስከ ዛሬ እዚያው ተኝቶ ነበር።

ስለዚህ፣ ምክር ካላችሁኝ፦ አዲስ ክፍል ስትገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም «ግኝት» አትላኩ። ሥራውን በእጁ ከሚሠራው ሰው ጎን ተቀመጡ። ስም ያዙ፣ የዘበኛውንም የጽዳቷንም። ጉድለት ካያችሁ መጀመሪያ ለባለቤቱ ንገሩ፤ ወደ አለቃ የሚሄደው እሱ ካየው በኋላ ነው። ከፍ ያለ ቋንቋ ተዉ። «ስትራቴጂክ አላይንመንት» የሚል ቃል ይዞ መጋዘን የገባ ልጅ አውቃለሁ፤ እስኪወጣ ድረስ «አላይንመንት» ብለው ነው የጠሩት፣ ጎማ ይመስል። ስትለቁ ደግሞ የጀመራችሁትን ለአንድ ሰው፣ ስሙ ለሚታወቅ ሰው አስረክቡ። ለ«ክፍሉ» ማስረከብ ለማንም አለማስረከብ ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት «ሲያልቅ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል» የሚለው ነው። በጀት የሚያዘው ለመደብ ነው፤ ክፍት መደብ ከሌለ ወንበርም የለም። አብረን ከገባነው ስድስት ልጆች አራታችን ቦታ አገኘን። አንዱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። አንዷ «ልዩ ፕሮጀክት» በሚል ስም አምስት ወር ኮሪደር ላይ ቆየች። ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ቡና መጠጣት ጀምሩ፤ የትኛው መደብ ሊከፈት እንደሆነ ከማስታወቂያው በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ካልሆነም የሥራ ውሉን ለማቋረጥ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚገባ ሕጉ ላይ አለ። የሥልጠና ግዴታ ውል ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚይዛችሁና ብትለቁ ስንት ብር እንደምትመልሱ ቀድማችሁ አስሉ።

«ላይ የሚደርሱት ከዚህ ፕሮግራም የወጡት ናቸው» የሚልም አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክን ከ1981 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የመራው ጃክ ዌልች በ1960 የገባው በኬሚካል መሐንዲስነት ነው። በ2014 የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ የዋልማርት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ዳግ ማክሚለን ልጅ እያለ መጋዘን ውስጥ መኪና ሲያራግፍ ነበር። እኛ ጋም በ2022 የኢትዮጵያ አየር መንገድን የተረከቡት አቶ መስፍን ጣሰው ድርጅቱን የተቀላቀሉት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመሐንዲስነት ነው። መንገዱ ብዙ ነው፤ የእኛው አንዱ ብቻ።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደወለች። የጎረቤቷ ልጅ ተመርቋል። «አንቺ እዚያ ማናጀር ነሽ፣ በዚያው አስገቢው» አለች። ማናጀር እንዳልሆንኩ፣ ብሆንም እንደማይቻል ነገርኳት። «እሺ እሺ» አለችና ሲቪውን በቴሌግራም ላከችው። አየሁት። ኢሜይሉን ተሳስቶ ነው የጻፈው። ያስተካክልና እንደ ሰው ሁሉ በድረ ገጹ ያመልክት።