ኤግዚት ኮድ በክትትል ስክሪፕት ውስጥ

ኤግዚት ኮድ አንድ የኮማንድ ላይን ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ለጠራው የሚተወው ቁጥር ነው። በሊኑክስና በመሰሎቹ 0 ማለት «ተሳክቷል» ነው። ሌላው ቁጥር ሁሉ «አልተሳካም» ይላል። ሰው ስክሪኑ ፊት ካለ ጽሑፉን አንብቦ ይረዳል። የክትትል ስክሪፕት (ሰርቨሮች ደህና መሆናቸውን የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም) ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ የሚተማመነውም በዚያ ቁጥር ነው።

ባሕር ዳር ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች ይህን ሳስረዳ የማማን ነገር አነሳለሁ። በሜጫ በኩል በቆሎው ሲያሽት ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፣ ጦጣና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ከጮኸ መንጋው መጥቷል ማለት ነው። ዝም ካለስ? ወይ ማሳው ሰላም ነው፣ ወይ ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። ባለማሳው ቤቱ ተቀምጦ ሁለቱን መለየት አይችልም። ጥሩ ኤግዚት ኮድ የሚለየው ይህንን ነው።

በክትትል ሥራ የተለመደው ስምምነት ናጊዮስ የተባለው የሰርቨር መከታተያ ፕሮግራም የሚከተለው ነው። 0 ደህና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 አይታወቅም። ሌላው መከታተያ አይሲንጋም ይህንኑ ይጠቀማል። ከአራቱ ሰው ቶሎ የሚረሳው 3ን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ዲስኩ 95 በመቶ ከሞላ 2 እንበል። ዲስኩን ማየት ካልተቻለ፣ ፈቃድ ከተከለከለ ወይም አድራሻው በስህተት ከተጻፈ ግን መልሱ 3 መሆን አለበት። «ታሟል» እና «ማየት አልቻልኩም» አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ፓይተን ብዙ ሰው ያሳስታል። ስክሪፕቱ ያልተያዘ ስህተት ገጥሞት ሲወድቅ የሚመልሰው 1 ነው። ናጊዮስ ይህን «ማስጠንቀቂያ» ብሎ ያነበዋል። ከትእዛዙ ጋር የተጻፉ አማራጮችን የሚያነበው የፓይተን ክፍል፣ አርግፓርስ፣ ደግሞ የማያውቀው አማራጭ ሲሰጠው 2 ይመልሳል፤ ይሄ «አደጋ» ሆኖ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ያልታሰበ ስህተትን ሁሉ ይዞ ወደ 3 መቀየር ግድ ነው።

የሌላ መሣሪያን ኮድ እንዳለ ማሳለፍም አያዋጣም። ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ የፈለገውን ካገኘ 0፣ ካጣ 1፣ ራሱ ከተቸገረ 2 ይመልሳል። ሎግ (የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ውስጥ የስህተት መልእክት እየፈለግን ከሆነ ታዲያ 1 የምሥራች ነው! ከሰርቨር በኔትወርክ ገጽ የሚያመጣው ከርል የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መፍታት ሲያቅተው 6፣ መገናኘት ሲያቅተው 7፣ ጊዜው ሲያልፍበት 28 ይላል። የእኛ ኔትወርክ ሲጠፋ አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ሁሉ የሞተ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የራሳችንን መስመር አያለሁ። እሱ ከሌለ ለሁሉም 3 እመልሳለሁ።

ኮዱ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ዞሮ ከ0 ይጀምራል። የስህተቶችን ብዛት እንደ ኮድ የሚመልስ ፕሮግራም 256 ስህተት ያገኘ ቀን 0 ብሎ ይወጣል። ሼሉ (ትእዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ራሱ የሚጠቀምባቸው ቁጥሮችም አሉ። 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ተገኝቶ ማስኬድ አልተቻለም ማለት ነው። በሲግናል (ከውጭ በሚላክለት ምልክት) የተገደለ ፕሮግራም 128 ላይ የሲግናሉ ቁጥር ተደምሮ ይታያል። 137 ካያችሁ ሲግናል 9 ነው፤ ሜሞሪ አልቆ ይሆናል።

የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው ፓይፕ ላይ ቆም ልበል፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ለአንድ ቢሮ ባክአፕ ሠርቼ ነበር። ዳታቤዙ ይገለበጥና በፓይፕ ወደ ፋይል መጨመቂያው ጂዚፕ ይገባል። የዳታቤዙ ፓስወርድ ተቀየረ፣ ግልባጩም ቆመ። ጂዚፕ ግን ባዶውን በሚገባ ጨምቆ 0 መለሰ። ሼሉ ካልተነገረው በቀር የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክትትሉ አረንጓዴ ነበር። አንድ ቀን የጠፋ ሠንጠረዥ ለመመለስ ፋይሎቹን ስከፍት እያንዳንዳቸው 20 ባይት ናቸው። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ 20 ባይት ነው የሚሆነው። ያን ቁጥር ዛሬም ሳየው ያመኛል። ባሽ በሚባለው ሼል ውስጥ ፓይፕፌይልን (ከትእዛዞቹ አንዱ ከወደቀ ሙሉው እንደወደቀ የሚቆጥረውን አማራጭ) ማብራት ይህን ያስቀር ነበር። አሁን የፋይሉን መጠንም አብሬ አያለሁ።

አዲስ ቼክ (አንድ ነገር የሚፈትሽ የክትትል ስክሪፕት) ስጽፍ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ። የተሳሳተ አድራሻ እሰጠዋለሁ፣ ፈቃዱን እነጥቀዋለሁ፣ ከዚያ $? (የመጨረሻውን ትእዛዝ ኤግዚት ኮድ የሚያሳየው) ምን እንደሚል አያለሁ። 3 ካልመጣ ሥራው አላለቀም።

ልጁ ጭራሹን ማማው ላይ ያልወጣ ቀንስ? መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ የሚመለስ ኮድ የለም። ውጤቱን ራሱ እየላከ ለሚያሳውቅ ቼክ ናጊዮስ የትኩስነት ገደብ አለው፤ ውጤት በጊዜው ካልደረሰ ራሱ እርምጃ ይወስዳል። በየ5 ደቂቃው ለሚልክ ቼክ እኔ የምሰጠው 15 ደቂቃ ነው።